«ሙሉ ሂሳብ» የሚለውን የነካሁ ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጫማዬ ጠባብ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ ባለ አንድ ክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም ባለቤቶቹ ራሳቸው ደንበኞቹ በሆኑበት ትንሽ ባንክ፣ ቴለር ሆኜ ተቀጠርኩ። ቴለር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ብር ይቀበላል፣ ብር ይሰጣል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እግሬ አብጦ ጫማዬን ከካውንተሩ ሥር አወለቅኩና በካልሲ ቀጠልኩ። አለቃዬ ግሎሪያ በኋላ በር ገብታ አየችኝ። አሁንስ አለቀልኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ልባረር ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እግሬን አየችና፣ «ደንበኛው የሚያየው ከወገብሽ በላይ ነው፤ ብሩን ብቻ ሁለት ጊዜ ቁጠሪ» ብላኝ ሄደች።

ሦስት ዓመት ቴለር፣ አራት ዓመት ሲኒየር ቴለር ሆንኩ። ከዚያ የራሴ ጠረጴዛና ወንበር ተሰጠኝ። ሥራዬ አካውንት መክፈት፣ የብድር ፎርም ማስሞላት፣ ካርድ ማውጣት ሆነ። አበሻ ደንበኛ በሩን ገፍቶ ሲገባ ጠባቂው ገና ሳይጠየቅ በጣቱ ወደ እኔ ይጠቁም ነበር። ከሄይዋርድ፣ ከኤል ሴሪቶ፣ አንዳንዴም ከዳሊ ሲቲ ድረስ እየነዱ ይመጡብኛል። ደብዳቤ አንብቢልን፣ እዚህ ቦታ ኮል አድርጊልን ይሉኛል። እኔም ሰው ስለምወድ፣ እውነቱን ለመናገር ሰው ሲፈልገኝም ደስ ስለሚለኝ፣ እሺ እላለሁ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ክሬዲት ካርድ የምሰጠው ምክር አንድ ነበር፤ በየወሩ ሙሉውን ክፈሉ። ትንሹን ከፍላችሁ ሌላውን አሳድራለሁ ካላችሁ ወለዱ ይበላችኋል። ይህን ለስንት ሰው እንዳልኩ አላውቅም፤ በእንቅልፌም ሳልለው አልቀረሁም። ደንበኛው ሲፈቅድ ክፍያው በራሱ እንዲቆረጥ አውቶፔይ የምሞላለትም እኔው ነበርኩ። እዚያ ስክሪን ላይ ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው ትንሹ ክፍያ፣ ሁለተኛው ሙሉ ሂሳብ፣ ሦስተኛው ደንበኛው ራሱ የሚወስነው ልክ። እጄ ሳላዘው ሁለተኛው ላይ ያርፋል።

ከዚያ አዲሱ ካርድ መጣ። ለአሥራ ስምንት ወር ወለድ የለውም። ሌላ ቦታ በከባድ ወለድ የተያዘ ዕዳ ያለው ሰው ዕዳውን ወደዚህ ካርድ ያዛውራል፤ ለማዛወሪያ ከመቶ ሦስት ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚከፍለው በሙሉ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነሳል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ወር አለመዝለል ነው። ከዘለለ ነጻነቱ ይነሳል፣ ወለዱም ይመለሳል። ግሎሪያ ሰብስባን ግማሽ ቀን አሠለጠነችን። እኔ አሥራ አራት ዓመት የሠራሁ ሰው፣ ምን ይነግሩኛል ብዬ ኋላ ተቀምጬ ኢሜይሌን አነብ ነበር።

ካርዱን ካወጣሁላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ጋሽ ወርቁ ነው። በዚያን ጊዜ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ትንሽ አውቶቡስ ይነዳል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ወሬው ቁጥብ። ወንድሙ አገር ቤት ሲታመም ለሕክምናው የከፈለው በአሮጌው ካርዱ ስለነበር ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ዓመት ከፍሎ ዕዳው ፈቀቅ አላለም።

«ለወለዱ ነው የምነዳው እህቴ» አለኝ። «ጉልበቴ አልቋል፤ ሐኪሙ መሪ መያዝ ተው ብሎኛል። ይቺን ካልዘጋሁ ግን ጡረታ መውጣት አልችልም።»

«አሁን ይዘጋል ጋሼ» አልኩት።

«ወለድ የለውም ነው የምትይኝ? ነጻ ነገር አላውቅም። ወጥመዱ የት ጋ ነው?»

ሳቅኩ። አስረዳሁት። ከማዛወሪያው ጋር ሰባት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስድስት ይሆናል፤ ለአሥራ ስምንት ሲካፈል በወር አራት መቶ አሥራ ሁለት። ካርዱ በመጣበት ፖስታ ጀርባ ላይ «412» ብዬ በትልቁ ጻፍኩለት። በዚህ ካርድ ምንም አይግዙ፣ በየወሩ ይቺ ትቆረጣለች፣ አለቀ አልኩት። «ረስቼስ ብዘልስ?» ሲለኝ፣ «እርስዎ ምን ቁርጥ አርጎዎት፣ ማሽኑ ያስታውስልዎታል» አልኩና አውቶፔዩን ሞላሁለት። ወረቀቱን አወጣሁ፣ ፈረመ፣ እጄን ጨብጦ ሄደ።

ፖስታው ላይ የጻፍኩት 412 ነው። ስክሪኑ ላይ የነካሁት ግን ሙሉ ሂሳብ የሚለውን ነው። የአሥራ አራት ዓመት እጅ!

እንዲህ ያለ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ማሽኑ ሰባት ሺህ ሊወስድ ሲሞክር አካውንቱ ውስጥ ስለማያገኝ ክፍያው ይመለሳል፣ እኛም እናያለን። የጋሽ ወርቁ አካውንት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ብር አይገኝም። እኔ ያላወቅኩት የእቁብ ዳኛ መሆኑን ነው። ሃያ ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ አምስት አምስት መቶ ዶላር ያዋጣሉ። ድሮ በእጅ ነበር፤ አሁን ሁሉም በስልኩ ለዳኛው ይልካል፣ ዳኛው እሑድ ለባለ ተራው ይሰጣል። እናም በየሁለት ሳምንቱ ለሦስት አራት ቀን አሥር ሺህ ዶላር የሰው ብር በጋሽ ወርቁ ስም ያድራል። ይህን አልነገረኝም። እቁብ ለባንክ ሰው አይነገርማ። እኔስ የራሴን እቁብ ለግሎሪያ መቼ ነግሬያት አውቃለሁ?

የመጀመሪያው ክፍያ የተቆረጠው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወርቁ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። አልተቀመጠም። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «ሰናይት፣ ይህን አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩት። ከአሥር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስድስት ተቆርጦ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ አራት ቀርቷል።

«ይህ ሁሉ ብር የማን ነው ጋሼ?» አልኩት። መጠየቅ የነበረብኝን ያን ጊዜ ጠየቅኩ።

«የእቁብ ነው» አለኝ። «እሑድ የፀሐይ ተራ ነው።»

ፀሐይ አረጋውያን የምትንከባከብ፣ ሁለት ልጆች ያላት ሴት ናት። በሰው ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ስትኖር ቆይታ ሄይዋርድ አፓርታማ አግኝታለች። አከራዩ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ወር ኪራይ ከነማስያዣው ሰኞ እስከ ቀትር ካላመጣሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ ብሏታል። ተራዋ ገና ስለነበር ጋሽ ወርቁን ለመነችው፣ እሱ አባላቱን ለምኖ ተራ አስቀየረላት። ዋስ የቆመላትም እሱ ራሱ ነው።

ኮምፒዩተሩን ከፍቼ የነካሁትን አየሁ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ዳኛ ነኝ፤ አንድ ቀን ጎድሎ አያውቅም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሑድ ፀሐይ ብሯን እንደምታገኝ ማልኩለት። በየትኛው ሥልጣን እንደማልኩ እግዜር ይወቅ።

ግሎሪያ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን አየችና፣ «ፈርሟል እኮ። በሕግ ትክክለኛ ክፍያ ነው» አለች።

«የፈረመው እኔን አምኖ ነው። 412 ብዬ ጽፌለት ሌላ ሞላሁ።»

«አሥር ሺሁ የማነው?»

እቁብን አስረዳኋት። የተወለደችው ፊሊፒንስ ነው፤ ገና ግማሽ ሳልደርስ እጇን አነሳች። «እኛም ጋ አለ፣ ስሙ ሌላ ነው። እናቴ ሰብሳቢ ነበረች» አለች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠችልኝ። ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ሳን ሆዜ ያለው የካርድ ክፍል ነው። ክፍያው ዝም ብሎ ወደኋላ ከተመለሰ ሲስተሙ «አልከፈለም» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ያን ጊዜ ወለድ የሌለው ጊዜ ይሰረዛል። እንዳይሰረዝ የሠራተኛ ስህተት ተብሎ መመለስ አለበት። ለዚያ ደግሞ የተሳሳተው ሠራተኛ በጽሑፍ ማመን አለበት።

«ጽሑፉ ፋይልሽ ውስጥ ይገባል» አለችኝ። «በሚቀጥለው ወር ለረዳት ሥራ አስኪያጅነት ስምሽን ላቀርብ ነበር።»

«ወረቀቱን ስጪኝ።»

«ሌላም ነገር ልንገርሽ። ከኪስሽ ለደንበኛ አንዲት ዶላር ብታበድሪ እኔው ራሴ ነኝ የማባርርሽ።» ታውቀኛለች። ባንክ ያለኝን ብር በሐሳቤ እየቆጠርኩ ነበር።

ጻፍኩ። አራት መስመር ናት። ከሦስት ሺው ላይ የወሩን 412 ወዲያው ለብቻ ከፈልንለት፣ ወሩ እንዳይዘለል። ጥያቄውን በኢሜይል ላክን። መልሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ፤ አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል። ሐሙስ ነው፣ አምስት የሥራ ቀን ማለት የሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ብደውል ማሽን ያነሳል። ደግሜ ደወልኩ፣ ማሽኑ «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ።

አርብ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ ስምንት ሰማንያ በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ። ሄይዋርድ ላይ መንገዱ ቆመ። ከግራም ከቀኝም ጭነት መኪና ነው፤ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ የማላውቀውን ሾፌር ተሳደብኩ፣ በአማርኛ። የካርድ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደንበኛ አይገባበትም። በመታወቂያዬ አለፍኩ። የክፍሉ ኃላፊ ራሚሮ የሚባል ወጣት ነው። በስልክ ዓመታት ተነጋግረን በአካል አይቼው አላውቅም።

«ሰናይት? ለምን መጣሽ? ጥያቄሽ እኮ ወረፋ ላይ ነው።»

«ስንተኛ ነው?»

«ሰላሳ አንደኛ።»

«እዚህ እቀመጣለሁ» አልኩት። «የምትጠይቀኝ ነገር ካለ ቅርብ ነኝ።»

«ቢሮ ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድም።»

«ታዲያ ለግሎሪያ ደውልና ንገራት።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖ ተቀመጥኩ። ይዤው የሄድኩትን ዳቦ በላሁ። ራሚሮ ከስክሪኑ ኋላ እያየኝ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደቆየሁ፣ «ቆይ፣ ይህ ሰውዬ ዘመድሽ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። «ታዲያ ምንሽ ነው?» «ያበላሸሁበት ሰው» አልኩት። ፀጉሩን አከከና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረው። ፋይሉን አብረን ከፈትን። እኔ ባልሄድ ኖሮ «አባሉ ክፍያውን መለሰ» በሚለው ኮድ ሊሠሩት ነበር፤ ጽሑፌ ከኢሜይሉ ጋር አልደረሰም፣ ወይ ደርሶ ያየው የለም። ያ ኮድ ቢገባ ወለዱ በዚያው ቀን ይጀምር ነበር። ወረቀቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ራሚሮ ትክክለኛውን ኮድ አስገባ፣ አለቃው ፈረመበት። «ሰኞ ጠዋት ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ማንም ሊያደርገው አይችልም፤ ቢሮዬ ውስጥ ብታድሪም» አለኝ።

ሰኞ እንጂ እሑድ አይደለም። እሑድ ብዬ ምያለሁ።

እሑድ እቁቡ የሚሰበሰብበት ቦታ ከጋሽ ወርቁ ጋር ሄድኩ። ኦክላንድ ያለ የአንድ ሬስቶራንት የኋላ ክፍል ነው። የደንበኛን ሂሳብ ያለፈቃዱ ማውራት ስለማልችል በሩ ላይ አቆምኩትና፣ «ጋሼ፣ ስለ ካርዱ እንድናገር ይፈቅዱልኛል?» አልኩት። «ተናገሪ። የሚደበቅ ነገር የለኝም» አለ። ኮሌታውን አስተካክሎ ገባ።

ቆሜ ተናገርኩ። ባንክ እንደምሠራ፣ ክፍያውን በስህተት እኔ እንደሞላሁት፣ ብሩ ነገ ጠዋት እንደሚመለስ። ከዚያ አንዱ ከኋላ፣ «በአጭሩ በእቁቡ ብር የጋሽ ወርቁ ዕዳ ተከፈለ!» አለ።

«እሱ አላወቀም» አልኩ።

«አላወቀም? ብራችን እሱ ኪስ ውስጥ ሆኖ?»

ሌላው፣ «ተው እንጂ፣ ሽማግሌ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሎናል» ብሎ ተከራከረ። ክፍሉ ተደበላለቀ። ፀሐይ ከወንበሯ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እህቴ፣ ልጆቼን አፓርታማውን አሳይቻቸዋለሁ» አለችኝ። «ትልቁ አልጋው የት እንደሚሆን መርጧል። ነገ እስከ ቀትር ካልመጣ ምን እላቸዋለሁ?»

«ጠዋት ስንከፍት እኔ ጋ ነይ» አልኳት።

ሰኞ ስንከፍት ፀሐይ በሩ ላይ ናት፣ ጋሽ ወርቁም አጠገቧ። አካውንቱን ከፈትኩ። ሦስት ሺህ ሰባ ሁለት። የሐሙሱን 412 ስንቀንስ የቀረው ነው፤ የተመለሰ ነገር የለም። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ደግሜ አየሁ፤ የለም። ራሚሮ ጋ ደወልኩ፤ አነሳ፣ ተመስገን። «እየገባ ነው» አለ። «ራሚሮ፣ እየገባ ነው ማለት ገባ ማለት አይደለም» አልኩት። ስልኩን ሳልዘጋ አስያዝኩት። ፀሐይ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፣ ጋሽ ወርቁ መሬቱን ያያል። ግሎሪያ ከቢሮዋ ወጥታ ከኋላዬ ቆመች። አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ስክሪኑን አደስኩት። ገብቷል።

አሥር ሺውን የባንክ ቼክ አድርጌ ጻፍኩ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ ግሎሪያ ሦስተኛ አነበበችልኝ። ፀሐይ ቼኩን ደረቷ ላይ ይዛ እየሮጠች ወጣች። አምስት ሰዓት ተኩል እንዳለፈ ስልኬ ጮኸ። «ቁልፉን ሰጠኝ!» አለች፤ ሌላ ነገር ልትል ሞክራ አለቀሰች። እኔም መጸዳጃ ቤት ገብቼ የልቤን አለቀስኩ።

ከዚያ ለጋሽ ወርቁ አውቶፔዩን እንደገና ሞላሁ። ሦስተኛውን ምርጫ ነካሁ፣ 412 ብዬ ጻፍኩ፣ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩት። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ለእቁቡ ደግሞ ሌላ አካውንት፣ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ፣ እንክፈት አልኩት። ጥሩ ነው አለ፤ ወረቀቱን ግን አልፈረመም። «ፈራሚው እኔ እንደምሆን አላውቅም» አለኝ።

ልክ ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ሰጡ። ዳኝነቱን ለሌላ ሰው ሰጡት። አልሰደቡትም፣ አመስግነው ሸኙት፤ ፀሐይ ብቻ እጇን አላወጣችም። አዲሱ ዳኛ መጥቶ ባለ ሁለት ፊርማውን አካውንት ከፈተ፤ የከፈትኩለትም እኔ ነኝ። ረዳት ሥራ አስኪያጅነቱም በዚያ ዓመት ለሌላ ልጅ ሆነ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ወለዱ አልተመለሰም። አሥራ ስምንት ጊዜ 412 ተቆረጠ፣ አንድም ወር ሳይዘለል። የመጨረሻው በተቆረጠ ማግስት ጋሽ ወርቁ መጣ፤ ዜሮ የሚለውን ወረቀት አትሜ ሰጠሁት። በዚያው ሳምንት አውቶቡሱን ለቆ ጡረታ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ለእቁቡ ሰዎች ላሳያቸው?» አልኩት። «የሰው ብር ሳይነኩ በራስዎ ጉልበት እንደዘጉት ይዩ።»

«ተይው» አለኝ። «እነሱ የጠየቁኝ ዕዳዬ ማለቁን አይደለም። የጠየቁኝ ብራቸው የት እንዳደረ ነው። ለዚያ መልስ የለኝም።»

አሁን እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። በእኔ ወንበር ለምትቀመጡ የማውቀው ይህ ነው። ወለድ በሌለው ካርድ ላይ የሚቆረጠው ልክ በቁጥር ይጻፋል፤ ደንበኛው ስክሪኑን በዓይኑ ያያል። ከዚያ በፊት ደግሞ ክፍያው የሚቆረጥበት አካውንት ውስጥ የማን ብር እንደሚያድር ይጠየቃል። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አልጠየቅኩም፤ ብሩ ተመለሰ፣ የጋሽ ወርቁ ዳኝነት ግን አልተመለሰም።